በከተማ ጠርዝ ያሉ ሰፈሮችን በሌሊት የሚጠብቃቸው ማን ነው?

ክረምቱ ሲገባ በአማራ ክልል ከተሞች ጠርዝ ላይ ያሉ ሰፈሮች ቀድመው ይጨልማሉ። ደመናው ጨረቃዋን ይሸፍናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የውሻ ጩኸት አይሰማም። ጭቃው ባጃጅ ስለማያስገባ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ከአስፋልቱ ወርዶ የቀረውን መንገድ በእግሩ ይጨርሰዋል። በሌሊት በረት ተከፍቶ ያደረበት አባወራ ጠዋት ዱካ ልከተል ቢል ጎርፉ አጥቦት ያገኘዋል። ሐምሌ ለገበሬው የዘር ወር ነው፤ ለሌባም የተመቸ ወር ነው።

ባሕር ዳር፣ ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻ፣ ደብረ ማርቆስና ሌሎችም ከተሞች ባለፉት ዓመታት ወደ ጎን ሰፍተዋል። ትናንት ጤፍ ይዘራበት የነበረው ማሳ ዛሬ መንገድ ወጥቶለት፣ በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ግማሹ ቤት ተሠርቶበት ግማሹ መሠረቱ ብቻ ወጥቶ ይታያል። በእንዲህ ዓይነቱ ሰፈር ውስጥ ሁለት ላም የሚያልብ የቀድሞ አርሶ አደር፣ አንድ ክፍል የተከራየ መምህር፣ የቀን ሠራተኞች፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦችና ቤቱን ጀምሮ ገንዘብ ያጠረው ነጋዴ በአንድ ጉራንጉር ይኖራሉ። ከመጨረሻው አጥር በኋላ የሚቀጥለው እርሻ ነው። አባወራው ከመቶ የማይበልጥ፣ ሁሉም ፊት ለፊት የሚተዋወቅ፣ ነገር ግን ገና እንደ ሰፈር ያልጠና መንደር ነው።

ስለ ወንጀል ሲነሳ ትኩረቱ የሚሄደው ወደ ትልልቁ ከተማና ወደ ትልልቁ ወንጀል ነው። እንዲህ ባለው ትንሽ ሰፈር የሚጠፋው በግ፣ የተቆረጠው የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከእጅ የተነጠቀው ስልክና ከጉድጓድ አፍ የተነሳው የውኃ መሳቢያ ሞተር በዜና አይወራም። ይሁን እንጂ የሰውን ውሎና አዳር የሚለውጠው ይኸው ነው። ሴት ልጅ የማታ ትምህርቷን የምታቋርጠው፣ አርሶ አደሩ ከበሬው ጋር በረት ውስጥ የሚያድረው፣ አዲስ ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት ቤታቸውን ዘግተው ለቅሶ መድረስ የሚፈሩት በዚህ የተነሳ ነው።

የችግሩ አንዱ ሥር የአስተዳደር ወሰን ነው። በገጠር ቀበሌ ጸጥታውን በቅርብ የሚከታተለው ሚሊሻ ሲሆን በከተማ ደግሞ ፖሊስ ነው። ሰፈሩ በሁለቱ መካከል ሲወድቅ ግን ነገሩ ይቀላቀላል። መሬቱ ወደ ከተማ ተካሏል፤ የነዋሪው መዝገብ ግን ገና ከገጠር ቀበሌ አልወጣም። ወይም መንገዱ የአንደኛው፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቤቶች የሌላኛው ቀበሌ ይሆናሉ። ሌሊት በረቱ የተሰበረበት ሰው ጠዋት አንዱ ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ይህ የእኛ አይደለም» ሲባል፣ ወደ ሌላው ሲሻገር እንዲሁ ሲባል ቀኑ ይመሻል። በዚያ ሰዓት በጉ ወይም ስልኩ ሦስት እጅ ተላልፏል። የሕጉ መንፈስ እንዲህ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንኛውም ሰው ወንጀል መፈጸሙን የማስታወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የቀረበው ክስ ወይም አቤቱታም በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ለአቅራቢው እንዲነበብለትና እንዲፈርምበት ያዝዛል። ወሰኑን የሚለየው መዝጋቢው ነው እንጂ በሬ የጠፋበት ሰው አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የቁጥር ጉዳይ ነው። በየዓመቱ በሚቀርቡ ሪፖርቶች ወንጀል ቀነሰ ወይም ጨመረ የሚባለው በመዝገብ ላይ በሰፈረው ልክ ነው። መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ሰው መጥቶ የተናገረው ብቻ ነው። በአንድ ሰፈር ሌሊቱን አሥር ዶሮ ቢጠፋና ማንም ባያመለክት፣ በወረቀት ላይ ያ ሰፈር ሰላም ያደረ ሰፈር ነው። በተቃራኒው ቅርብ የሆነ፣ ሰውን በአክብሮት የሚያናግር የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ባለሙያ የተመደበበት ሰፈር ብዙ ሰው ስለሚያመለክትበት በወረቀት ላይ የከፋ መስሎ ይታያል። ስለዚህ የአቤቱታ ቁጥር መጨመር ሁልጊዜ መጥፎ ዜና፣ መቀነሱም ሁልጊዜ መልካም ዜና ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። አንድ የቀበሌ አመራር የሰፈሩን ደኅንነት በእውነት ማወቅ ከፈለገ ከመዝገቡ ሌላ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ፤ ሱቆች በስንት ሰዓት ይዘጋሉ? ባጃጅ ከስንት ሰዓት በኋላ ወደ ሰፈሩ አልገባም ይላል? ስንት ሰው በዚህ ዓመት በጎቹን ሸጦ ማርባቱን ተወ?

ሰዎች ለምን አያመለክቱም ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ «ግንዛቤ የላቸውም» የሚል ነው። መልሱ ምቹ ነው፤ ጥፋቱን ከጽሕፈት ቤቱ ወደ ነዋሪው ያዞራልና። እውነታው ከሒሳብ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ በግ የጠፋበት አርሶ አደር ለማመልከት አንድ ቀን፣ ቃል ለመስጠት ሌላ ቀን፣ ተጠርጣሪው ከተያዘ ደግሞ ምስክሮቹን ይዞ ለመቅረብ ብዙ ቀናት ያጠፋል። ቀጠሮ በተላለፈ ቁጥር የመጓጓዣ ወጪ ይወጣል፤ የምስክሮቹም ምሳ የሚታሰበው ከእርሱ ኪስ ነው። ቀጠሮው በአጨዳ ወይም በዘር ወቅት ከዋለ የሚቀረው ሥራ ከበጉ ዋጋ ይበልጣል። አርሶ አደሩ ይህን ሁሉ አስልቶ «ለእግዜር ሰጠሁት» ብሎ ዝም ሲል ከግንዛቤ እጥረት አይቆጠርበትም።

ሌላው ቅሬታ «ሌባው ከእኔ ቀድሞ ቤቱ ገባ» የሚለው ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በዋስ የመለቀቅ መብትም በሕግ ከተለዩ ሁኔታዎች በስተቀር ተጠብቋል። ዋስትና ነጻ መለቀቅ አይደለም፤ ክሱ ይቀጥላል። ይህን ግን ለተበዳዩ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ተጠርጣሪውን በማግስቱ በሰፈሩ ሲያልፍ ያየ ሰው ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቆጥረዋል፤ ለምስክርነትም ሲጠራ ይቀራል። ምስክር ሲቀር ደግሞ ክሱ በእርግጥ ይዘጋል። መጀመሪያ የተሳሳተው ግምት በመጨረሻ እውነት ሆኖ ያርፋል።

«አንድ በግ» ወይም «አንድ በሬ» የሚለው አነጋገር ራሱ ጉዳቱን ያሳንሰዋል። በሬ በሐምሌ ሲጠፋና በጥር ሲጠፋ አንድ አይደለም። የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ የመጨረሻው እርሻና ዘሩ በብዙ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢ የሚያርፈው በሐምሌ አጋማሽና በነሐሴ መጀመሪያ መካከል ነው። በዚህ ጊዜ ከጥማዱ አንዱ የተሰረቀበት ገበሬ በሬው ቀንጃ ሆኖ ይቀራል። ሌላ ባለ ቀንጃ ፈልጎ መቀናጆ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ጎረቤቱ የራሱን ማሳ ሳይጨርስ አይመጣለትም። ዘሩ በሁለትና በሦስት ሳምንት ሲዘገይ ዝናቡ ፍሬው ሳይሞላ ይቋረጣል። ይህን ፈርቶ መሬቱን ለእኩል ከሰጠ ደግሞ ከምርቱ ግማሹን አጣ። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የተወሰደው የበሬው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የመጪው ዓመት ቀለብ ጭምር ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተርም እንዲሁ ነው። ሽንኩርቱ አምፖል መያዝ በጀመረበት በጋ ሞተሩ የጠፋበት አምራች ሌላ ተከራይቶ እስኪያመጣ ማሳው ይጠወልጋል። እነዚህን ጉዳቶች «ቀላል ስርቆት» ብሎ የሚመዘግብ እጅ ከእርሻ የራቀ ነው።

ሕጉ ግን ልዩነቱን ያውቃል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መደበኛ ስርቆት በቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በቡድን ተደራጅቶ የሚፈጸመውንና የመሳሰለውን ከባድ ስርቆት ደግሞ ከ1 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከባድ ስርቆት በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ አይደለም፤ ስለዚህ በሽምግልና ካሳ ተከፍሎ ቢታረቁ እንኳ ክሱ በዚያ አይቀርም። ይህን ብዙ ሽማግሌዎች አያውቁትም፤ አውቀውም ዝም የሚሉ ይኖራሉ።

መንግሥት ዘግይቶ ሲደርስ ሰፈሩ ራሱን ማደራጀቱ የሚጠበቅ ነው። ሁለት መንገዶች ይታያሉ። አንዱ በየቤቱ ተራ ወጥቶ ማደር ነው፤ ሌላው ገንዘብ አዋጥቶ ዘበኛ መቅጠር። ሰማንያ አባወራ በወር 100 ብር ቢያወጣ 8 ሺህ ብር ይሆናል፤ ለአንድ ዘበኛ እንጂ ለሁለት አይበቃም። አንድ ዘበኛ ደግሞ በዱላና በፊሽካ ሦስትና አራት ጉራንጉር ሌሊቱን ሙሉ ሊዞር አይችልም። መዋጮው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር መቆራረጥ ይጀምራል፤ ተከራዩ «ንብረት የለኝም» ይላል፣ ቤቱን ጀምሮ የተወው ባለ ይዞታ ሌላ ከተማ ነው፣ ባለ ላሙ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚሰጋው እርሱ ሆኖ ሳለ እኩል ማዋጣቱን እንደ ብልጠት ይቆጥረዋል። በተሻለ የሚዘልቁት ጥበቃውን ከእድር ጋር ያያያዙ ሰፈሮች ናቸው። እድር መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥና ቅጣት አለው፤ ለቅሶ ላይ የማይገኝን ሰው እንደሚቀጣ ሁሉ ተራውን ያላደረን ሰውም ይቀጣል።

ጥንቃቄ የሚሻው ጥበቃው ወደ ማደን ሲሸጋገር ነው። በሰፈር ንብረት ሲጠፋ ዓይን ሁሉ የሚያርፈው በአዲሱ ሰው ላይ ነው፤ በወንደላጤው ተከራይ፣ በቀን ሠራተኛው፣ በተፈናቃዩ ላይ። ትናንት የመጣ ሰው ግን የማን ላም መቼ እንደምትታለብ፣ የማን ውሻ እንደማይጮህ አያውቅም። ይህን የሚያውቅ የቆየ ሰው ነው። በእርግጥም ከበረት በሬ ነድቶ ለማውጣት መንገዱንም፣ ገበያውንም፣ የባለቤቱንም እንቅልፍ ማወቅ ይጠይቃል። ያም ሆኖ ሌሊት ሲመሽበት የተገኘ ምስኪን ልጅ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ በዱላ የሚመታበት አጋጣሚ እንግዳ አይደለም።

የአገሪቱ ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያስታውሰው ነገር አለ። በድሮው ዘመን ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሬው ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ ሌባው እስኪገለጥ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም፣ ካልተገለጠም አገሬው በጋራ ይከፍል ነበር። ከዚያ የከፋው ሌባ ሻይ የሚባለው ነበር፤ በመድኃኒት የሰከረ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ሁለቱም የቀሩት ጥፋተኛውን ከንጹሑ ስላልለዩ ነው። አውጫጭኝ ቢያንስ ሁሉንም እኩል ያስቀምጥ ነበር፤ የዛሬው የሰፈር ጥርጣሬ ግን ዘመድ የሌለውን መርጦ ይይዛል።

ሕጉ ለነዋሪው የሰጠው ሥልጣን ግልጽ ነው። ቢያንስ በ3 ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንኛውም ግለሰብ ያለ መጥሪያ ሊይዘው ይችላል። የያዘው ሰው ግን ያለ አስፈላጊ መዘግየት በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ አለበት። መደብደብ፣ አስሮ ማሳደር፣ «ማን ላከህ» ብሎ መመርመር በዚህ ውስጥ የለም። በረቱን ሊጠብቅ የወጣ አባወራ ጠዋት ላይ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ሌባውም በተበዳይነት ሐኪም ማስረጃ ይዞ ይቀርባል። ይህ እንዳይሆን በተራ ጥበቃው ላይ ማን ፖሊስ እንደሚጠራ፣ ወደ የትኛው ጣቢያ እንደሚደወል፣ ስልኩም ማን ዘንድ እንዳለ አስቀድሞ መለየቱ ከዱላው ይልቅ ይጠቅማል።

የክልሉ አጠቃላይ ጸጥታ በዚህ ላይ የጣለው ጫና ሊዘለል አይችልም። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለ10 ወራት የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ፣ በየከተማው የተጣሉት የሰዓት ገደቦችና የቀጠለው ግጭት የጸጥታ ኃይሉን ትኩረት ወደ ሌላ ወስዶታል። ገንዘብ ለማስከፈል ሰው የማገት ወንጀልም ተጨምሮበታል። በዚህ ሁሉ መካከል የጠፋ በግ የሚፈልግ ፖሊስ ማግኘት ከባድ ነው። ከዚህ ይበልጥ የጎዳው ግን የኡኡታ ዋጋ መርከሱ ነው። ቀድሞ በሰፈር አንድ ሰው ኡኡ ሲል ጎረቤት ሁሉ በያለበት ይወጣ ነበር። አሁን ተኩስ ሊሆን ይችላል፣ ታጣቂ ሊሆን ይችላል እየተባለ በር ይቆለፋል። ለሌባ ከጨለማው በላይ የተመቸው ይህ ነው።

የተሰረቀ ነገር ገዢ ካላገኘ አይሰረቅም። በዚህ በኩል የሚሠራው ሥራ ከሌሊት ጥበቃው ይልቅ የቀለለ ሆኖ ሳለ ከሁሉ የተዘነጋው እርሱ ነው። የቁም እንስሳት ግብይት በተለየ የገበያ ቦታ እንዲካሄድ በ2006 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 819 አለ። ይሁንና ብዙ በግና በሬ ከገበያው በፊት በመንገድ ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ያለ ዋስና ያለ ምስክር ይሸጣል። በእንቁጣጣሽና በመስቀል ሰሞን ደግሞ የሚገዛው ሰው ጥያቄ የለውም፤ ዋጋው መርከሱ ብቻ ይበቃዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ግን የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የገዛን፣ የደበቀን ወይም የሸጠን ሰው ይቀጣል። ከገበያ ዋጋ በግማሽ ወርዶ፣ ሻጩ ሳይታወቅ፣ ሌሊት በር ላይ የቀረበ በግ «አላወቅሁም» የሚያሰኝ አይደለም። ለአሮጌ ስልክ ሻጮችም፣ ለቁርጥራጭ ብረትና ለመዳብ ሽቦ ገዢዎችም ይኸው ይሠራል።

ባለቤቱም ንብረቱን መለየት መቻል አለበት። «ቀይ፣ ግንባረ ቦቃ» የሚለው መግለጫ በአንድ ገበያ ላይ ሃያ በሬ ያስቆማል። የጆሮ ምልክት ወይም ማኅተም ያለው፣ በስልክ ከግራና ከቀኝ ፎቶ የተነሳ ከብት ግን በቀላሉ ይለያል። በስልክ ላይ *#06# ሲጻፍ የሚወጣው ባለ 15 አሐዝ መለያ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ቤት ከተቀመጠ ስልኩ ሲጠፋ ለፖሊስ የሚሰጥ ነገር ይኖራል። የውኃ ሞተሩም ተከታታይ ቁጥር እንዲሁ። እነዚህ ምንም ወጪ የሌላቸው ነገሮች ናቸው፤ የግብርና ባለሙያው ለክትባት በየቤቱ ሲዞር አብሮ ሊያስታውሳቸው ይችላል።

የመንገድ መብራት እስኪተከል መጠበቅ የማይችል ሰፈርም አማራጭ አለው። 10 ዋት የሚወስድ አምፖል ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በበር ላይ ቢበራ በወር የሚፈጀው 3 ነጥብ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። በየሦስተኛው ቤት በር ላይ አንድ ቢሰቀልና ወጪው ከእድር ቢሸፈን ጉራንጉሩ ይታያል። መብራት ብቻውን ሌባ አያስቀርም፤ ዘበኛውን ግን ከሩቅ የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ እንዲለይ ይረዳዋል፤ ምስኪኑንም ልጅ ከዱላ ያድነዋል። ጅምር ቤቶቹ ግን ጨለማ ሆነው ይቀራሉ። ባለ ይዞታዎቹ በር እንዲገጥሙ ወይም እንዲዘጉ የማስገደዱ ሥራ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ በእድር አይቻልም።

አንድ ሰዓት ደግሞ አለች፣ በየትኛውም የጥበቃ ዝርዝር ውስጥ የማትገባ። በብዙ ሰፈር ዘበኛው ወይም ተረኛው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ፊሽካውን ነፍቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ነጋ ብሎ ነው። ወተት ይዘው ወደ ከተማው ሻይ ቤቶች የሚሄዱት እናቶችና ከአዲስ አበባ መኪና ለመድረስ የሚቸኩለው መንገደኛ የሚወጡት በዚያችው ሰዓት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመና 11 ሰዓት ገና ጨለማ ነው። ፈረቃውን በአንድ ሰዓት ለማራዘም የሚያስፈልገው ከእያንዳንዱ አባወራ ጥቂት ብር ነው። መዋጮውን የሚወስኑት ግን በአብዛኛው በእድር ስብሰባ የሚገኙት ወንዶቹ ናቸው፤ በዚያች ሰዓት መንገድ ላይ የሚገኙት ወተት ሻጮቹ ናቸው።